ከጂንካ እስከ አርባ ምንጭ ስንት ሰዓት ነው?

ስሙኝማ፤ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሁለት ሜዳዎች ነው። አንደኛው አባያ ሐይቅ አጠገብ፣ ወበቅ በማይለየው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የተዘረጋው የአርባ ምንጭ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ሌላው በአሪ ተራሮች ግርጌ ያለው፣ የደቡብ ኦሞ በር የሆነው የጂንካ ነው። ካርታ ዘርግታችሁ፣ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ ብትለኩ በሁለቱ መካከል 117 ኪሎ ሜትር ገደማ ታገኛላችሁ። ብዙ አይደለም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አዳማን ጥቂት እንደ ማለፍ ነው።

ታዲያ “ከጂንካ አርባ ምንጭ ስንት ሰዓት ይፈጃል?” ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ እንደ ተጠያቂው ይለያያል። አብራሪ ብትጠይቁ ሃያ አምስት ደቂቃ ይላችኋል። ሾፌር ብትጠይቁ መንገዱ ከቀና አምስት ሰዓት ነው ይላል። ቀጥታ የሚያገናኝ በረራ በሌለበት ቀን ትኬት ቆራጭ ብትጠይቁ ደግሞ በአዲስ አበባ በኩል ቀኑን ሙሉ፣ ምናልባትም ከነአዳሩ ይላችኋል። የበቅሎው ዘመን ነጋዴ ቢጠየቅ ኖሮ በሰዓት ሳይሆን በቀን ቆጥሮ ይነግራችሁ ነበር። አራቱም አይዋሹም። መሬቱም አልተንቀሳቀሰ፤ ተራራውና ሸለቆው ያኔ የነበሩበት አሉ። የተለዋወጠው በመካከላቸው ያለው ሰው የሚሄድበት መንገድ ነው። የዛሬው ወሬዬም የዚያ መንገድ ታሪክ ነው።

ከመነሻው ልጀምር። ዛሬ ደቡብ ኦሞ የምንለው አገር በጃንሆይ ጊዜ ከጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር፤ ገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ይባላል። የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ በመጀመሪያ ደጋው ላይ ጨንቻ ነበር፤ በ1950ዎቹ ግን ወደ ሐይቆቹ ተወርዶ አርባ ምንጭ ተቆረቆረች። በአውራጃው በኩል ደግሞ የአስተዳደሩ ሰዎች ቀድሞ ባኮ ላይ ነበሩ፤ ኋላ ከተራራው ግርጌ ወዳለችው ወደ ጂንካ ወረዱ። እንግዲህ አስቡት። በአውራጃው ፍርድ ያልረካ ባላገር ይግባኝ ልበል ካለ ጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ድረስ መሄድ አለበት። ስንቁን ይቋጥራል። ያለው በበቅሎ፣ የሌለው በእግሩ። ፊት ለፊቱ የወይጦ ሸለቆ አለ፤ ሰውን የሚጥለው ወባ፣ ከብቱን የሚጥለው ገንዲ የሰፈረበት ቆላ። ዝናብ ያገኘው እንደሆነ ወንዙ እስኪጎድል ዳሩ ላይ ያድራል። ሸለቆውን ካለፈ በኋላ የጋሞ ደጋ ይጠብቀዋል፤ ዳገቱን ይይዛል። ስንት ቀን እንደሚፈጅ ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጥ አልነበረም፤ በሰማዩና በእንስሳው ጉልበት ይወሰናልና። ሰው ከቤቱ ሲነሣ ተመልሶ የሚመጣበትን ወር እንጂ ቀኑን አይናገርም።

ከዚያ አውሮፕላን መጣ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. መብረር ሲጀምር ይዟቸው የተነሣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ባለሁለት ሞተር ዳግላሶችን ነበር፤ ጦሩ ሲ-47፣ ሲቪሉ ዲሲ-3 ይላቸዋል። መሬት ላይ ሲቆም ጭራውን አሳርፎ አፍንጫውን ሽቅብ የሚቀስር፣ ሠላሳ ያህል ሰው የሚይዝ ጠንካራ አውሮፕላን ነው። አስፋልት አይጠይቅም። ሣሩ ከታጨደ፣ ጉድጓዱ ከተደፈነ፣ ከብቱ ከተባረረ ይበቃዋል። በዚህ ምክንያት መኪና እንደ ልብ ወደማይደርስባቸው የደቡብና የምዕራብ ከተሞች አውሮፕላን ገባ። ሶዶ፣ ዋካ፣ ቡልቂ፣ ባኮ፣ ቱም፣ ሚዛን ተፈሪ፤ ስማቸው ዛሬም በዓለም አቀፉ የአውሮፕላን ማረፊያዎች መዝገብ ላይ በሦስት በሦስት ፊደል ሰፍሮ ይገኛል። ጂንካ የምትታወቅበት ምልክት እስካሁን ቢ-ሲ-ኦ ነው፤ የተወሰደውም ባኮ ከሚለው የድሮ ስም ነው።

ልብ በሉልኝ፤ ነገሬ ያለው እዚህ ጋ ነው። ያኔ አንድ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ሲነሣ ለአንድ ከተማ ብቻ አይነሣም ነበር። ከሜዳ ወደ ሜዳ እያረፈ፣ አንዱን እያወረደ ሌላውን እየጫነ ይሄዳል። ከአንዱ ሣር ሜዳ የተሳፈረ ነጋዴ ጎረቤቱ ባለው ሣር ሜዳ ላይ ሊወርድ ይችላል። ደብዳቤው፣ መድኃኒቱ፣ የመምህሩ ደመወዝ፣ የቡና ናሙናው፣ ሁሉም በዚያው ሆድ ውስጥ ነው የሚሄደው። አውሮፕላኑ አውራጃን ከአውራጃ ያገናኝ ነበር። ወደ አዲስ አበባ መሄድ ከሥራዎቹ አንዱ እንጂ ብቸኛ ሥራው አልነበረም።

የጂንካው ሜዳ ደግሞ መሀል ከተማ ነው የነበረው። ከተማዋ ራሷ በሜዳው ዙሪያ አደገች ቢባል ይቀላል። በአንዱ ጎኑ ሱቅና መኖሪያ ቤት፣ በሌላው ጎኑ መንገድ፣ መካከሉ ሰፊ አረንጓዴ ሣር። በረራ በሌለበት ሰዓት ላሞች ይግጡበታል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ቅዳሜ ከአሪ ኮረብታዎች እንሰትና ቅመም ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወርዱ እናቶች ያቋርጡታል። የሞተሩ ድምፅ ከተራራው ጀርባ ሲሰማ ግን ሜዳው ሌላ መልክ ይይዛል። ዘበኞቹ ዱላቸውን ይዘው ይሮጣሉ፤ እረኞች ከብታቸውን እየጮኹ ወደ ዳር ይነዳሉ፤ ኳሱ ተይዞ ልጆቹ በዳር በዳር ይሰለፋሉ። ጎማው ሣሩን ሲነካ ሕዝቡ ቆሞ ያያል። ማን መጣ? ምን መጣ? ወሬው ተሳፋሪው ገና ከመሰላሉ ሳይወርድ ገበያ ይደርሳል።

ይህ ሁሉ ሜዳው ደረቅ ሲሆን ነው። የደቡብ ኦሞ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንባል፤ ጥቅምትና ኅዳር አካባቢ ደግሞ ይመለሳል። ውኃ የጠጣ ሣር ጎማ ይውጣል፤ ፍሬንም አይይዝም። ስለዚህ በዝናቡ ወራት ተሳፋሪ በየቀኑ የሚጠይቀው “ሜዳው ደረቀ ወይ?” ብሎ ነው። አልደረቀም ከተባለ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ነው። አዲስ አበባ ያለውም እዚያው፣ ጂንካ ያለውም እዚያው። የጂንካና የአርባ ምንጭ ርቀት ማለዳ በደቂቃ ይቆጠር የነበረው ቀትር ላይ ዝናብ ከጣለ ሳምንት ይሆናል ማለት ነው።

ዓመታት አለፉ። ዳግላሶቹ አረጁ። ቀጥሎ ትዊን ኦተር፣ ኤቲአር፣ ፎከር 50 እያለ መጣ፤ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ኪው 400 የተባለው ረጅሙ ባለፕሮፔለር ገባ። ፈጣን ነው፤ ሰባ ያህል ሰው ይዞ በሰዓት ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። ነገር ግን ለእሱ አስፋልት፣ አጥር፣ የእሳት አደጋ መኪና፣ የፍተሻ መሣሪያ ያስፈልጋል። መኪና መንገዱም በየአቅጣጫው ሲገባ ሣር ሜዳዎቹ አንድ በአንድ ከመርሐ ግብሩ ወጡ። ዋካና ቡልቂ ዛሬ በአውሮፕላን የሚደረስባቸው ከተሞች አይደሉም። በዚህ ማንንም አልወቅስም። ለአሥር ተሳፋሪ ትልቅ አውሮፕላን ሣር ላይ አሳርፉ የሚል ሰው ስለ ደኅንነት አላሰበም።

ጂንካ ግን ዕድለኛ ናት፤ ተረፈች። በ2009 ዓ.ም. አስፋልት የተነጠፈለት፣ መንገደኛ ማስተናገጃ ያለው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ተከፈተላት። ኪው 400 ማረፍ ጀመረ። ሜዳው ደረቀ ወይ የሚለው ጥያቄ ቀረ። አዲስ አበባ፣ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ በአየር ርቃ፣ ከአንድ ሰዓት ብዙም በማይበልጥ በረራ ተጠጋች። ይህ ለጂንካ ሰው ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው በመኪና 700 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወገቡ የተቆረጠ ሰው ነው።

አዲስ አበባ ስትቀርብ ግን ጎረቤት አርባ ምንጭ በአየር አልቀረበችም። እስቲ ስሌቱን አብረን እንሥራው። ቀጥታ በረራ በሌለበት ቀን የጂንካ ሰው አርባ ምንጭ ልሂድ ካለ፣ መጀመሪያ 430 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ይበራል። ቦሌ ይወርዳል፤ ይጠብቃል። ቀጣዩ በረራ ከተመቸው ተመልሶ 350 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ይበራል። በድምሩ 780 ኪሎ ሜትር። ለ117 ኪሎ ሜትር ጎረቤት ከስድስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። በአየር ላይ የሚሆነው ሁለት ሰዓት ከጥቂት ነው፤ ቀኑን የሚበላው ቀድሞ መገኘቱ፣ ፍተሻው፣ ቦሌ ላይ ያለው ጥበቃ ነው። በረራዎቹ ካልተገናኙ ደግሞ አዳር አለ፣ የአልጋ ኪራይ አለ፣ የታክሲ አለ።

ስለዚህ ሰው ምን ያደርጋል? መናኸሪያ ይሄዳል።

መንገዱን ላሳያችሁ፤ መታየት አለበትና። ከጂንካ ማለዳ 12 ሰዓት ተነሣን እንበል። መጀመሪያ ወደ ቀይ አፈር ነው፤ ዳገት ይበዛዋል። ቀኑ ሐሙስ ከሆነ የቀይ አፈር ገበያ አለ፤ በናዎቹ፣ ፀማዮቹ፣ አሪዎቹ መንገዱን ሞልተው ይሄዳሉ፤ ሾፌሩ ጡሩንባ እየነፋ በዝግታ ያልፋል። የበና ወጣቶች በረጃጅም እንጨት ላይ ቆመው ከመንገዱ ዳር ይታያሉ። ቀይ አፈር ላይ ሻይ የሚጠጣ ሻይ ይጠጣል። የሀገሩን መጠጥ የለመደ በቅል የቀረበ ትኩስ የቡና ገለባ ይጠጣል፤ ለረጅም መንገድ ከሻይ ይሻላል ባይ ነኝ።

ከቀይ አፈር በኋላ መሬቱ ይሰበራል። ቁልቁለት ነው፤ ጠመዝማዛ ነው፤ ጆሮ ይደፍናል። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዳችሁ ወይጦ ላይ ስትደርሱ አየሩ ሌላ ነው። ነፋሱ ራሱ ይፋጃል፤ መስኮት ቢከፈትም አይቀዘቅዝም። ወንዙ ወደ ጨው ባሕር የሚወርደው የወይጦ ወንዝ ነው። የፀማይ እረኞች ፍየሎቻቸውን በግራሩ ጥላ ሥር ያሳርፋሉ። ሾፌሩ ጎማውን በእግሩ ነካ ነካ እያደረገ ይዞራል፤ ረዳቱ ውኃ ይጨምራል። ከዚያ የወረዳችሁትን ያህል ደግሞ ትወጣላችሁ፤ ወደ ኮንሶ። ኮረብታው ሁሉ በድንጋይ እርከን ተሸንሽኗል፤ የሰው እጅ ለመቶዎች ዓመታት የካበው ነው፤ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ የኮንሶ መሬት ነው። ካራት ከተማ ላይ ቁርስ። ከካራት በኋላ መንገዱ ወደ ሰሜን ታጥፎ ይወርዳል፣ በጫሞ ሐይቅ ምዕራብ በኩል በሙዝ እርሻ መሀል ያልፍና አርባ ምንጭ ይገባል። ወደ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላን ከሚበርበት ሁለት እጥፍ መሆኑ ነው።

ለምን ሁለት እጥፍ ሆነ? የመንገድ ሠሪው ጥፋት አይደለም። ቀጥታው መስመር ከጂንካ ተነሥቶ በማሌ ምድር በላይ አልፎ፣ የወይጦን የላይኛውን ሸለቆ ተሻግሮ፣ የጋሞን ከፍተኛ ተራሮች ወጥቶ ነው ሐይቆቹ ዳር የሚወርደው። ያንን ሰንጥቆ ማለፍ ለመኪና ከባድ ነው። ስለዚህ መንገዱ ተራራውን በደቡብ በኩል ዞሮት ይሄዳል። ለአውሮፕላን ግን ያ ተራራ ከሥር የሚታይ ነገር ብቻ ነው። ኪው 400 በሙሉ ፍጥነቱ ቢበር 117 ኪሎ ሜትሩን በአሥራ አንድ ደቂቃ ይጨርሰው ነበር። ግን አውሮፕላን ሲነሣ ፍጥነት ለመያዝ፣ ከፍታ ለመውጣት፣ ከዚያም ለመውረድና ከማኮብኮቢያው ጋር ለመስተካከል ጊዜ ይፈልጋል። በዚህ አጭር መንገድ ላይ ወጥቶ ሳይጨርስ መውረድ ይጀምራል። ስለዚህ ሃያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ በሉት። በአምስት ሰዓት ፋንታ ሃያ አምስት ደቂቃ።

አንዳንዱ ሰው “አምስት ሰዓት ምን አላት? ይቻል የለ?” ይለኛል። ጤነኛ ሰው ይችለዋል። ጎብኚም አገር እያየ ስለሚሄድ ይወደዋል። እኔ ግን የማስበው ሌላ ሰው ነው። ከኦሞራቴ አካባቢ ምጥ የጠናባት አንዲት የዳሰነች እናት እንበል። ኦሞራቴ ከኦሞ ወንዝ ዳር ናት፤ ወደ ኬንያ ድንበር የተጠጋች። ከዚያ በቱርሚ፣ በዲመካ፣ በቀይ አፈር አድርጎ ጂንካ ሆስፒታል ለመድረስ ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ አለባት። ጂንካ ላይ ሐኪሙ አይቶ “ይህ ከአቅማችን በላይ ነው፤ አርባ ምንጭ ትላክ” ቢል፣ ገና ሌላ 240 አለባት። ያን ጠመዝማዛ፣ ያን የወይጦ ሙቀት፣ ያን የኮንሶ ዳገት፣ በአምቡላንስ አልጋ ላይ ተኝታ። ለእሷ አምስት ሰዓት የጉዞ ሰዓት ብቻ አይደለም።

ይህ ምድር ሰዓት ስንት እንደሚያወጣ ሁለት ጊዜ በመራራ ሁኔታ ተምሯል። የመጀመሪያው በነሐሴ 1998 ነው። ድሬዳዋ በጎርፍ ባለቀሰችበት ሰሞን ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ኦሞን አስቆጣው። ወንዙ ዳሰነቾች ከብቶቻቸውን ይዘው የሰፈሩበትን ረባዳ መሬት ሌሊት ዋጠው። በወቅቱ የተነገረው የሟቾች ቁጥር 364 ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰው በውኃ ተከብቦ ጉብታ ላይ ቀረ። ጀልባና ሄሊኮፕተር ፍለጋ ሲሮጥ ያ አካባቢ ከማዕከሉ ምን ያህል እንደራቀ አገር አየ። ከጂንካ በታች አስፋልት የለ፣ ትልቅ አውሮፕላን የሚያርፍበት የለ። ሰው ጉብታ ላይ ቆሞ ውኃው ሲጨምር ሲያይ፣ እርዳታው በምን ያህል ሰዓት ይደርሳል የሚለው ነው ሁሉ ነገሩ።

ሁለተኛው ቅርብ ነው። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ በሽታ መከሰቱ ተረጋገጠ፤ በኢትዮጵያ ታሪክ የመጀመሪያው። ገዳይ በሽታ ነው፤ ፈቃድ ያገኘ ክትባትም ሆነ መድኃኒት የለውም። ምርመራው የተረጋገጠው አዲስ አበባ ባለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ላቦራቶሪ ነበር። በእንደዚህ ያለ በሽታ ጊዜ ከሐኪሙ ጥርጣሬ እስከ ላቦራቶሪው መልስ ያለው እያንዳንዱ ሰዓት ያሳስባል፤ በዚያ መካከል የታመመውን የሚያስታምም አለ፣ የሞተውን የሚገንዝ አለ፣ ነርሷ አለች። የጤና ባለሙያዎች ቡድንና ቁሳቁስ ወደ ጂንካ ጎረፈ፤ ንክኪ ያላቸው ሰዎች በየቤቱ ተፈለጉ፤ በጥር ወር ወረርሽኙ ማብቃቱ ታወጀ። በእነዚያ ሳምንታት የጂንካ ማኮብኮቢያ ለምን እንደ ተሠራ የሚጠይቅ ቢኖር ኖሮ መልሱን በዓይኑ ያየው ነበር። ያ ሁሉ የሆነው ከአዲስ አበባ ጋር ባለው መስመር ነው። በጎን ያለው ጎረቤት፣ ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ ያለው አርባ ምንጭ፣ አሁንም በአምስት ሰዓት መንገድ ማዶ ነው።

ነገሩን ያከበደው ሌላም አለ። ነሐሴ 2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት አንድ ዋና ከተማ አልተደረገለትም። ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ጂንካ፣ ካራትና ሳውላ መቀመጫዎች ሆነው ቢሮዎቹ ተከፋፈሉ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ መንግሥት ወደ ሁሉም ይቅረብ ነው። ነገር ግን ቢሮው ሲበተን ጉዳዩም አብሮ ይበተናል። ከጂንካ ለፊርማ ወደ አርባ ምንጭ፣ ከአርባ ምንጭ ለስብሰባ ወደ ጂንካ የሚመላለስ ሠራተኛና ባለጉዳይ በዛ። በጃንሆይ ጊዜ ይግባኝ ብሎ በቅሎ የጫነው ሰው የልጅ ልጅ ዛሬም በዚያው አቅጣጫ ይጓዛል፤ በሚኒባስ ሆነ እንጂ። ጂንካ ዩኒቨርሲቲም አለ፤ መምህሩ፣ ተማሪው፣ ተመራማሪው ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሥራ አለው።

“ታዲያ ለጥቂት ሰው ብሎ ማን አውሮፕላን ያስነሣል?” ትሉኛላችሁ። ትክክል ናችሁ፤ ከጂንካ አርባ ምንጭ ብቻ የሚመላለስ አውሮፕላን ቢኖር ወንበሩ ባዶ ይሆናል። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። እስቲ አንድ ጊዜ ደግሞ አብራችሁኝ ቁጠሩ። አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ጂንካ ደርሶ ሲመለስ 430 እና 430፣ 860 ኪሎ ሜትር ይበራል። በአርባ ምንጭ በኩል አድርጎ ጂንካ ገብቶ ከዚያ ቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ቢመለስ ደግሞ 350፣ 117 እና 430፤ ድምሩ ወደ 900 ኪሎ ሜትር። ልዩነቱ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም! አየሩ ላይ የሚጨመረው ጥቂት ደቂቃ ነው። ወጪው ያለው በማረፉ ነው፤ አንድ ተጨማሪ ማረፍና መነሣት፣ ጎማና ሞተር የሚቆጠርበት፣ መሬት ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል። በምላሹ በአንድ አውሮፕላን ሦስት ዓይነት ተሳፋሪ ይጫናል፤ የአዲስ አበባና አርባ ምንጭ፣ የአዲስ አበባና ጂንካ፣ የአርባ ምንጭና ጂንካ። በዚህ ላይ ጎብኚው አለ፤ ነጭ ሳርንና ሐይቆቹን አርባ ምንጭ ላይ አይቶ ሐመርንና ሙርሲን ለማየት ጂንካ የሚሄድ ሰው ከመንገዱ አንዱን ወገን በአየር ቢያደርገው ደስ ይለዋል።

ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ዳግላሶቹ በሣር ሜዳ ዘመን ይህንኑ ነበር የሚሠሩት። ሩቅ አገርም ይሠራበታል። ኖርዌይ ተራራና የባሕር ወሽመጥ የቆራረጣት አገር ናት፤ በጠረፏ ላይ ያሉ ትናንሽ ከተሞች በመኪና ሲዞሩ ቀን ይፈጃሉ። ቪደሮ የተባለው አየር መንገዷ ከእኛው ኪው 400 ዘር በሆኑት ዳሽ 8 አውሮፕላኖች ከአንዱ ትንሽ ከተማ ወደ ሌላው እያረፈ ይሄዳል፤ ገበያው የማይችለውን መስመር መንግሥት ይደጉመዋል። ምክንያታቸው ቀላል ነው፤ እዚያ የሚኖር ዜጋ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። የእኛ ተራራ ከእነሱ አያንስም። የእኛም እናት ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት።

ማኮብኮቢያው ተሠርቷል። አስፋልቱ ጂንካም አለ፣ አርባ ምንጭም አለ። አውሮፕላኑ አለ፤ አብራሪዎቻችን ሁለቱንም ሜዳዎች ያውቋቸዋል። የጎደለው በመርሐ ግብሩ ላይ የሚጻፍ አንድ መስመር ነው፤ ዛሬ ኖሮ ነገ የማይጠፋ፣ ሐኪሙም ባለጉዳዩም አስቀድሞ የሚያውቀው ቋሚ መስመር።

ስለዚህ መርሐ ግብር የምታወጡ፣ በክልሉ ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ፣ ስለ ጤናም ስለ ቱሪዝምም የምትወስኑ ሁሉ፤ ልመናዬን ስሙ። በየቀኑ አላልኩም። በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ጂንካ የሚሄደው አውሮፕላን አርባ ምንጭን ነክቶ ይለፍ። ክልሉና ጤና ቢሮው በእነዚያ ቀናት ለሪፈር ታካሚ የተወሰነ ወንበር በቅድሚያ ይግዙ፤ ባዶ ወንበር የሚፈራውም ድርጅት ሥጋቱ ይቀንስለታል። ቀኑን ምረጡ ካላችሁኝ ማክሰኞና ቅዳሜ ይሁን፤ የጂንካ ገበያ የሚቆመው በእነዚያ ቀናት ነው፣ ሰውም ከየወረዳው ወደ ከተማ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው።